የሚካኤል ዕለት የሠሩ ሰዎች

መቀሌ፣ መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.

ውድ ተዋበች፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ብዕሩን ቀለም ካስነካሁት በኋላ ግን እጄ ቆመ፤ አንቺ «ደህና ነኝ» ስልሽ አንድ ቀን እንኳ አምነሽኝ አታውቂም። ስለዚህ ያለውን እንዳለ ልንገርሽ። በልቼ አድራለሁ። ወባው ከጥር ወዲህ አልተመለሰብኝም። ግራ ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ያኮርፋል፣ ጫማዬም ተሰፍቶ ተሰፍቶ የመጀመሪያው ቆዳ የቱ እንደሆነ ጠፍቶኛል። ደክሞኛል፣ ተዋበች። ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት ድካም አይደለም። የልጃችንን የአያልነሽን ጤና ከደብዳቤሽ አይቼ አምላክን አመስግኛለሁ።

ከደብዳቤሽ አልኩ እንጂ እሱስ ደብዳቤ አይባልም። «ልጅህ ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ለፋሲካ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? አዎን ወይም የለም ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም።» በቃ፣ አለቀ። አንቺ ስትናደጂ ፊደልሽ ይተልቃል፤ የዚህኛውማ ወረቀቱን ሞልቶት ለስምሽ እንኳ ቦታ አልተረፈም። እውነትሽን ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እጽፍ ነበር።

ነገር ግን በአንድ ቃል ብመልስልሽ ውሸታም አልሆንም፤ እውነቱንም አልነገርኩሽም። ይህን ደግሞ እዚህ አገር በገዛ እግሬ ዞሬ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ሌላ ወሬ አልፈልግም ብትዪም ወሬውን ስሚኝ። መልሱን መጨረሻው ላይ ታገኚዋለሽ። ወረቀቱን ገልብጠሽ ቀድመሽ ልታዪው እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፤ እባክሽ አታድርጊው።

ወደዚህ ስላክ ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ አልነገርኩሽም። እኔም በደንብ አላወቅሁትም ነበር። ጦርነቱ፣ ከጦርነቱም በኋላ የመጣው ሁከት እዚህ ብዙ ሰው ባዶ እጁን አስቀርቷል። ከገጠር የተፈናቀለ አለ፤ ባሏ የሞተባት አለች፤ ከወሎ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ሥራው ያለቀበት አለ። ለነዚህ በየወሩ ከመጋዘን ማሽላና ስንዴ ይሰፈርላቸዋል። በኋላ ወደ ውቅሮ የሚወስደው መንገድ መጠገን ሲጀመር የቀን ሥራ ተከፈተ። ከዚያ ከበላይ ትዕዛዝ መጣ፤ እህል ከሚሰፈርላቸው ችግረኞች ውስጥ ወደ ሥራ የገባው ማን ነው፣ ያልገባውስ ማን ነው፣ ቤት ለቤት ተጠይቆ ይጻፍ። ሥራ የያዘ ከእህሉ ይውጣ፣ እህሉ ላላገኘው ይትረፍ። ሲሰሙት ክፋት የለበትም።

የሚጠይቀውና የሚጽፈው ሰው እኔ ነኝ። አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ቆጠራው አልቆ ጽሑፉ አዲስ አበባ ሲደርስ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ እናንተ እንደሚያዛውሩኝ ገና ስመጣ ቃል ገብተውልኛል። አምና ኅዳር ካሚዮኑ ላይ ስወጣ በሶ የሞላሽበትን አቁማዳ አቀብለሽኝ «ይኸ ሳያልቅ ትመጣለህ» ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? በሶው ካለቀ ቆየ። አቁማዳውንም አይጥ በልቶታል።

ቋንቋቸውን አሁንም በቅጡ አልያዝኩትም። አስተርጓሚ ተደርገው የተሰጡኝ አቦይ ግደይ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አቦይ ማለት በነሱ አባባል አባቴ ማለት ነው። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ሥራ አለ የለም ብዬ ልጠይቅ ስል ክንዴን ያዝ ያደርጉና «ቀስ በል ወደይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ሰውየው እንዴት እንዳደረ ጠይቅ። ከዚያ ላሙን። ከዚያ ዝናቡን። ሥራውን ራሱ ይነግርሃል።» ላም የሌለውንም ሰው ላሙን ይጠይቁታል። አንድ ቤት ስንገባ ጥላ ይዞራል። በዚያ ላይ በአዘቦት ቀን ብትሄጂ ግማሹ በር ዝግ ነው፤ ሰው ገበያ ነው፣ እንጨት ለቀማ ነው፣ ወንዝ ነው። በዚህ አካሄድ ቆጠራው አያልነሽ እስክትዳርም አያልቅ ብዬ ለአቶ ደሳለኝ አማረርኩ።

«የኅዳር ሚካኤል ዕለት ውጣ» አሉኝ። «በሚካኤል ዶማ የሚያነሣ የለም። ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ቤቱ ነው። ባንድ ቀን ትገላገላለህ።»

«በበዓል ቀን እኔ ልሥራ እንዴ?»

«አንተ ምን ትሠራለህ፤ ብዕር ነው የምትይዘው። እሱም ሥራ ሆኖ በዓል ይሽራል?»

ሳቅሁ። ሳቅሁ ብቻም አይደለም፣ አቶ ደሳለኝን በልቤ መረቅኋቸው። በሚካኤል ከጨረስኩ ታኅሣሥ ላይ ጽሑፉ ይሄዳል፤ ለገና ባይሆን ለጥምቀት ልጄን አቅፋለሁ ብዬ አሰላሁ። አቦይ ግደይም በበዓል ላለመሥራት ሲያንገራግሩ ቆይተው፣ መናገር ሥራ አይደለም ብለው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ።

የተሰጠኝ ጥያቄ አንድ ነበር። «የቤቱ አባወራ ዛሬ ሥራ ላይ ነው ወይስ ቤት ነው?» ያወጣው ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ ነው፤ ቀን ሁሉ እኩል መስሎት ይሆናል። እኔም በዚያ ጊዜ ምንም አልታየኝም። በሰሜን በኩል ካሉት ቤቶች ጀመርን። ክርስቲያኖቹ ንጹሕ ለብሰው ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ጠላ ይቀዱልናል፣ አቦይ ግደይ ላሙን ይጠይቃሉ፣ እኔ «ቤት» ብዬ እጽፋለሁ። ከሰዓት በኋላ የወሎ እስላሞች ወደሚኖሩበት ሰፈር ወረድን። እዚያ ወንድ አልነበረም። ሴቶቹን ስጠይቅ ሁሉም «ሥራ ሄዷል» አሉኝ። «ሥራ» እያልኩ ጻፍኩ።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ የሁሪያ ቤት ነበር። ሁሪያ የአንቺ እኩያ ናት። ልጅ በጀርባዋ አዝላ ደጅ ላይ እህል ታበጥር ነበር። የወሎ አማርኛ ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም፤ ስንት ጊዜ በአስተርጓሚ ከኖርኩ በኋላ አንድ ሰው በቀጥታ አናገረኝ። «ይግቡ እንጂ ጌታው፣ ደጅ አይቁሙ» አለችኝ። ስለ ባሏ ስጠይቃት ፊቷ በራ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ሥራ አግኝቷል። ሳይነጋ ነው የወጣው።»

ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ልጂቱ ሳሊሃ ትባላለች፤ ከጀርባዋ ላይ እጇን ዘርግታ ጣቴን ጨበጠችው፣ አልለቅም አለች። የአያልነሽን ዕድሜ አሰብኩ፤ ሁለቱ እኩል ናቸው። ያን ቀን ወደ ማደሪያዬ የተመለስኩት እያፏጨሁ ነው። የዚያን ዕለት እግሬ መታመሙም ትዝ አላለኝም።

አቶ ደሳለኝ ጽሑፉን ሲያዩ ተደሰቱ። «እስላሞቹን አየሃቸው? ወደ ሥራ ገብተዋል። የኛዎቹ ደግሞ ተጎልተው ጠላ ይጠጣሉ» አሉ። ጽሑፉ ተላከ። ከታኅሣሥ ስፍር ጀምሮ ለዚያ ሰፈር እህል ቀረ። መጋዘኑ የኔ ሥራ ስላልነበረ ይህን የሰማሁት እንደ ማንኛውም ወሬ ነበር፤ ሥራ ከያዙ ምን ይጎዳሉ ብዬ አለፍኩት።

ከገና በኋላ አንድ ማክሰኞ ወደ ውቅሮ መውጫ ከአቦይ ግደይ ጋር ካቦውን ላነጋግር ሄድኩ። ካቦ የሚሉት የመንገድ ሠራተኞቹን አለቃ ነው። መንገዱ ላይ ሠራተኛው ይቆፍራል። ከመንገዱ ወዲህ ግን የፈረሰ ግንብ ሥር ብዙ ወንዶች ዶማቸውን አጋድመው ተቀምጠዋል። አንዱ ቀጭን ሰው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። «ባለ ብዕሩ ጌታ እርስዎ ነዎት መሰለኝ። ለሚካኤል ቤቴ መጥተው ነበር አሉ። አብዱልወሃብ ነኝ፣ የሁሪያ ባል» አለኝ።

«ታዲያ ዛሬ ምነው ተቀመጥክ?»

«ዛሬ ምን በዓል ነው ጌታው?»

«ኧረ በዓል የለም፣ ማክሰኞ ነው።»

«እንግዲያ ለኛ ሥራ የለም» አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር።

አልገባኝም። እሱም እንዳልገባኝ ሲያይ ገረመው። ካቦው የዚህ አገር ሰው ነው፤ በአዘቦት ቀን የሚያውቃቸውን፣ የሰፈሩን ሰዎች ነው የሚቀጥረው። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ ሲሆን እነሱ ዶማ አያነሡም። መንገዱ ደግሞ መቆም የለበትም። ያን ዕለት ጧት ካቦው ራሱ ወደ እስላሞቹ ሰፈር ይወርድና ሁሉንም ይዟቸው ይወጣል። በማግስቱ ይመልሳቸዋል። «ሁሪያ ከክርስቲያኗ ጎረቤቷ ይልቅ የታቦቱን ቀን ታውቃለች» አለኝ። «ነገ ጊዮርጊስ ነው ብላ ስንቄን የምትቋጥርልኝ እሷ ናት። ያንለት የኛ ሰፈር ወንድ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ቢመጡ አንድ አያገኙም።»

ቁጭ አልኩ። ግንቡ ሥር አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ወንድ ሁሉ ሥራ ላይ በነበረበት ቀን ሄጄ፣ ሁሉም ሥራ ይዟል ብዬ ጽፌያለሁ። ዘወትር የሚቆፍሩትን ደግሞ ቤታቸው በተቀመጡበት ቀን አግኝቼ ሥራ የላቸውም ብያለሁ። «እህሉስ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ መልሱን እያወቅሁት።

«ከታኅሣሥ ወዲህ የለም። ሥራ ይዛችኋል አሉን። ይዘናል፣ ሐሰት አይደለም። ለሚካኤል ይዘናል።»

አልተቆጣም፣ ተዋበች። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ አቦይ ግደይ ዞሬ ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጎተቱ። «በሚካኤል መንገዱ ላይ ማን እንዳለ እኛ የት አይተን፣ ወደይ» አሉኝ። «ያንለት እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ ከዚያ ቤታችን ነን። ስንት ዓመት ስኖር በበዓል ወደዚህ ወጥቼ አላውቅም።» እኔም አላውቅም። አቶ ደሳለኝም አያውቁም። አዲስ አበባ ያለውም ሰውዬ አያውቅም። ሁላችን በዓል አክባሪዎች ነን።

በዚያው ሳምንት አቶ ደሳለኝ አስጠሩኝ። ገበታው ላይ አንድ ወረቀት ነበር፤ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። የዝውውር ደብዳቤዬ ነው። ደብረ ብርሃን ይላል። ከየካቲት መባቻ ጀምሮ ይላል። እጄን ጫንኩበት እንጂ አላነሣሁትም። ከዚያ የግንቡን ሥር ነገር ነገርኳቸው።

«ዋሽተናል እንዴ?» አሉ ስጨርስ። «ጠየቅን፣ መለሱ፣ ጻፍን።»

«አልዋሸንም።»

«ታዲያ ምን ሁን ነው የምትለኝ?»

«ጥያቄው ይለወጥ። ዛሬ ሥራ ላይ ነው ወይ አይባል። ካለፈው ስፍር ወዲህ ምን ያህል ቀን ሠራ፣ የትኞቹን ቀኖች ሠራ ይባል። በበዓልም በአዘቦትም ይጠየቅ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም ከልጆቻቸው ርቀው ነው እዚህ ያሉት። «ከፋለ፣ የላክሁት ሁሉ ስህተት ነው ብዬ በፊርማዬ እንድጽፍ ነው የምትለኝ» አሉ። እኔ ልጻፍ፣ በስሜ ይሁን አልኳቸው። «በስምህ ከጻፍክ አንተው ትቆጥራለህ። ሌላ ሰው የለኝም። የደብረ ብርሃኑ ቦታ ደግሞ አይጠብቅህም፤ ሌላው ጸሐፊ ማዘንጊያ ይሄድበታል። ሂድና አስብበት።»

እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። ልተወው ነበር። ዝም ብዬ ያችን ወረቀት ይዤ ልመጣልሽ ነበር። ልጄን አላየኋትም፤ እነዚህን ሰዎች ደግሞ እኔ ከአገራቸው አላመጣኋቸው፣ እኔ አላስራብኳቸው አልኩ። ከኔ በኋላ የሚመጣው ያስተካክለዋል አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ እያልኩ ዕቃዬን ጠቀለልኩ። ዕቃዬም ብዙ አይደለም፤ ቶሎ አለቀ። ለአያልነሽ የገዛሁትን ነጠላ ከላይ አደረግሁት።

የስፍሩ ቀን ካሚዮን ልጠይቅ በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ሁሪያን ሰልፉ ውስጥ አየኋት። ጎልማሳው መጋዘን ጠባቂ ስሟን ተመልክቶ «አንቺ የለሽም» ሲላት ሰማሁ። አልለመነችውም። ባዶ ቁናዋን ይዛ ዞር ስትል አየችኝ። አጠገቤ እስክትደርስ ድረስ መሸሽ እችል ነበር፤ አልሸሸሁም። ሳሊሃ ጀርባዋ ላይ ነበረች። ያን ቀን ጣቴን አልፈለገችም፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«እርስዎ ጽፈውት ነው አሉኝ» አለች ሁሪያ። «እርስዎ ምን ያርጉ። ሥራ አግኝቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ተናገርኩት። ሁለተኛ ለሰው አልናገርም።»

ይህን ብላ ሄደች። አንቺን አሰብኩ፣ ተዋበች። መጀመሪያ ደመወዝ ይዤ ስመጣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ከፋሌ ሥራ ያዘ» እያልሽ የዞርሽበትን ቀን አሰብኩ። እናቴ «ምቀኛ እንዳይሰማ» ስትልሽ እንዴት እንደሳቅሽ ትዝ አለኝ። አንዲት ሴት ባሏ ሥራ በማግኘቱ መደሰቷን እንድትፈራ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ካሚዮኑን ሳልጠይቅ ተመለስኩና በስሜ ጻፍኩ። ማዘንጊያ በሦስተኛው ቀን ሄደ። እናንተ ዘንድ ደርሶ ይሆናል፤ ደህና ልጅ ነው፣ አትጥመጅው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ እግር ነው። ጥርን ጨርሰን የካቲትን አጋመስን። በበዓልም ወጣን፣ በአዘቦትም ወጣን። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ጀምረን እስከ ውቅሮ መውጫ አንድ ቤት ሳናልፍ፣ ላሙንም ዝናቡንም እየጠየቅን። ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልሽ። ዘወትር መንገዱ ላይ የሚቆፍሩት በአዲሱ ጥያቄ ሥራቸው ስለታወቀ እህላቸው ተቆረጠ፤ አሁን ሳልፍ «ሸዌው መጣ» ይባላል፣ ጠላ የሚቀዳልኝም የለም። አንዷ ሴትዮ ውሻዋን ለቀቀችብኝ። አቦይ ግደይ በከዘራቸው መከቱልኝና ውሻውን «እንዴት አደርክ ብለህ ብትጠይቀው አይነክስህም ነበር» አሉኝ። በወሩ ውስጥ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በየካቲት መጨረሻ ለእነሁሪያ ሰፈር እህሉ ተመለሰ። ሥራ የያዘ ሰውም የመጀመሪያ ደመወዙን በእጁ ሳይዝ እህሉ እንዳይቋረጥ አቶ ደሳለኝ ፈረሙልኝ። ይህን ያደረጉት እያጉረመረሙ ነው፤ ግን አደረጉት።

ወሬውን ይዤ ራሴ ወደ ሁሪያ ቤት ሄድኩ። አብዱልወሃብ ቤት ነበር። እህሉ በቀረበት ጊዜ ዶማውን ሸጠው በልተውታል፤ ዶማ የሌለውን ደግሞ ካቦው ለሚካኤልም አይወስደውም። ስለዚህ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚመላለስ ካሚዮን ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ለመሄድ ተስማምቷል። እህሉ ተመልሷል፣ አትሂድ፣ ልጅህን ትተህ የት ትሄዳለህ አልኩት። ምን አፍ አለኝ ብዬ እንዳልኩት አላውቅም።

«እህሉ ደግ ነው፤ ለሁሪያና ለልጂቱ ይሁን» አለኝ። «እኔ ግን ሰኞና ማክሰኞ ያለው ሥራ ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ሁሪያን፣ ለጽሑፉ ያህል፣ ባልሽ ሥራ ይዟል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ባሏን አየችው፣ ብዕሬን አየችው፣ ልጂቱን አስተካክላ አዘለችና «መኪናው ሄዶ ሲመለስ ይጠይቁኝ» አለች። ትክክል ናት። ቦታውን ባዶ ተውኩት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አንድ ጸሐፊ ደጅሽ መጥቶ «ባል አለሽ ወይ?» ቢልሽ አለኝ ትያለሽ፣ እሱም ጽፎ ይሄዳል። ካገባሽ ወዲህ ባልሽ በየትኞቹ ቀኖች ቤት ነበር ብሎ ቢጠይቅሽ ግን ምን ትመልሺያለሽ? ፋሲካና መስቀል። አዲስ አበባ እያለሁም ፋሲካና መስቀል ነበር፤ አያልነሽም የተጸነሰችው በመስቀል ነው። አብዱልወሃብ ግንቡ ሥር ስለ በዓል ሥራው ሲነግረኝ ያፈርኩት በጽሑፉ ብቻ አልነበረም። እኔም የበዓል ባል ነኝ። አንቺ ይህን ቀድመሽ አውቀሽዋል፤ ፊደልሽ የተለቀው ለዚያ ነው።

ለፋሲካ አልመጣም። ይኸው ጻፍኩት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉልኝ አቶ ደሳለኝ ነግረውኛል፤ ቀን ቆርጬ ግን አልነግርሽም፣ በቀን በኩል እምነት አጉድያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል እገባልሻለሁ። ስመጣ ለበዓል አልመጣም። ዶሮ ባልታረደበት፣ ቤቱ ባልተጎዘጎዘበት፣ አንቺ ልብስ እያጠብሽ ሳለሽ በተራ ማክሰኞ እመጣለሁ። በማግስቱም እዚያው ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ቦታ ባይሰጡኝ ብዕሩን ትቼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አብዱልወሃብ ከቻለ እኔም እችላለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የመጣው እሱ ነው። አሁን እያነበብሽ ሳለ ደጅ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ እባክሽ አስገቢው። ሁዳዴ ስለሆነ የሥጋ ነገር አያጨቃጭቃችሁም፤ የናንተን ሽሮ እሱም ይበላል። ጥያቄ አታብዢበት። ልጠይቀው ካልሽ ደግሞ እንደ አቦይ ግደይ አድርጊ፤ መጀመሪያ እንዴት እንዳደረ፣ ከዚያ መንገዱን። እኔን መጨረሻ ላይ ራሱ ያነሣልሻል። እሱ እስኪመለስ የሁሪያን ደጅ የማየው እኔ ነኝ፤ ትናንት ሄጄ ነበር፣ ሳሊሃ ጣቴን መያዝ ጀምራለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በልቶ ሲጨርስ አያልነሽን አሳቅፊው። ልጅ አያያዝ ያውቃል፣ አትፍሪ። ሲመለስ ምን ያህል እንደምትከብድ ይነግረኛል።

በተራ ቀን የሚመጣው ባልሽ፣
ከፋለ